ትልቅ ድርጅት ወይስ ትንሽ? በየቤቱ የሚባለውና እውነታው

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ቦታ አለፈች። አንዱ ትልቅ ባንክ ነው። ሌላው መርካቶ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚያስመጣ፣ አሥራ አንድ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ነው። እሁድ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ ከአንድ ሰው በቀር ቤቱ ሁሉ "ባንክ!" አለ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ "ጋሼ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አለችኝ።

እኔ ባንክ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ዘጠኝ ሰው ያለበት ድርጅት ገብቼ አራት ዓመት ሂሳብ ይዣለሁ። ሁለቱንም ስላየኋቸው ያን ቀን የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው ልጁን የሚመክረው ከልቡ ነው። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሰሚ ሰሚ የመጣ ነው። የተባለውን በየተራ ላንሳው።

"ትልቅ ቦታ ከገባሽ የሚነካሽ የለም"

ይህን ያለችው እናቷ ናት። ስጋቷ ይገባኛል። ግን ሐዋሳን እናስታውስ። ፒቪኤች የእነ ቶሚ ሂልፊገርና ካልቪን ክላይን የልብስ ብራንዶች ባለቤት ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነሳ ስሙ አብሮ የሚነሳ ኩባንያ ነበር። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሲከፋ ፋብሪካዬን እዘጋለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ በፊትም በ2003 የቀድሞው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፣ በአዲሱ መዋቅር ምደባ ያላገኘው ሠራተኛ ብዙ ነበር። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር የ5,000 ያህል ባለሙያዎችን ኮንትራት አቋረጠ።

ትንሹም ይዘጋል። ዶላር አጥቶ ዕቃ ማስገባት ያቃተው አስመጪ ስንት ነው! ስለዚህ ሁለቱም ጋ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ደሞዜ የሚመጣው ከየት ነው? ከአንድ ለጋሽ ወይም ከአንድ ደንበኛ ብቻ ከሆነ ሕንፃው ሃያ ፎቅ ቢሆንም አልተማመንም።

"ትንሽ ድርጅት ጡረታም ፈቃድም የለውም"

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሠራተኛው አምኖ ስለሚቀበለው መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትንሽ ድርጅት ብሎ ፈቃድ አይቀንስም። አራት ሠራተኛ ያለውም አራት ሺህ ያለውም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዙ ነው። ውሉ በቃል ከሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

ጡረታም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት ከመሠረታዊ ደሞዝ ላይ 11 በመቶ ከራሱ ያዋጣል፤ 7 በመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል። ድርጅት ብትቀይሩም አገልግሎቱ ይደመራል።

እኔ የተጎዳሁት "መሠረታዊ" የምትለዋን ቃል ባለማየቴ ነው። ከባንክ ወጥቼ ትንሹ ድርጅት ስገባ የተስማማንበት ደሞዝ ደህና ነበር። የመጀመሪያው ወር ፔሮል (የደሞዝ ዝርዝር) ሲመጣ ግን ከግማሽ በታች የሆነው ቤዚክ (መሠረታዊ ደሞዝ)፣ የቀረው "ልዩ ልዩ አበል" ተብሏል። "ለአንተው ብለን ነው፤ እጅህ ላይ እንዲበዛ" አሉኝ። ዝም አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ጡረታዬ የተቆረጠው በዚያችው ቤዚክ ነው።

በቁጥር እንየው። 12,000 ብር ሙሉውን ቤዚክ ከሆነ አሠሪው 1,320፣ ሠራተኛው 840 ያስገባሉ፤ በወር 2,160 ብር ማለት ነው። ቤዚኩ 5,000፣ ቀሪው አበል ከሆነ ግን 550 እና 350፣ በድምሩ 900 ብር ብቻ ይገባል። በየወሩ እጅ ላይ የሚደርሰው ብር ብዙም ስለማይለያይ ልዩነቱ አይታይም። የሚታየው ስናረጅ ነው።

"የትንሽ ድርጅት የሥራ ልምድ አይያዝም"

ይያዛል። የማይያዘው ግብር ያልተከፈለበት ነው። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን እስከ ታች አንብቧቸው። ብዙዎቹ ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። ሦስት ዓመት ደሞዙን ግብር ሳይቆረጥበት በእጁ ሲቀበል የኖረ ልጅ አውቃለሁ። ክብ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ተመለሰ። ልጁ እኮ በእርግጥ ሠርቷል!

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ልመና አይደለም። ሠራተኛው ሲለቅም፣ እየሠራ ሲጠይቅም አሠሪው በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት።

"ትንሽ ቦታ ሁሉን ትማሪያለሽ፣ ትልቅ ቦታ ዕድሜሽን ብር ስትቆጥሪ ነው"

ይህን ያለው ያጎቷ ልጅ ነው፤ ብቻውን መርካቶን የደገፈው እሱ ነበር። እኔም ባንክ የመጀመሪያ ዓመቴን ብር ስቆጥር ነው የከረምኩት። ግን አንድ ማታ ካሽ ስዘጋ 1,800 ብር ሾርቴጅ (ጉድለት) ወጣብኝ። ከኪሴ መክፈል ነበረብኝ፤ ቀኑ ደግሞ ደሞዝ ሊወጣ ሳምንት የቀረው ነበር። ከጎኔ የሚሠራው አንጋፋ ቴለር ኮቱን ለብሶ ነበር፤ አውልቆ ተቀመጠ። ቲኬቶቹን (ገንዘብ የገባና የወጣባቸውን ወረቀቶች) አንድ በአንድ ገለጠልኝ። 200 ያስገባ ደንበኛ 2,000 ተብሎ ተመዝግቧል። "ከዛሬ ጀምሮ የብሩን ዓይነት ከቲኬቱ ጀርባ ሳትጽፍ ሰው እንዳትሸኝ" አለኝ። ያቺን ነገር እስከ ዛሬ እሠራባታለሁ።

ትንሹ ድርጅት ውስጥ በገባሁ በወሩ ፔሮል ሠራሁ፣ ቫት ዲክሌር አደረግኩ፣ ገቢዎች ተመላለስኩ። እውነትም ሁሉን ነካሁ። ግን የሠራሁትን የሚያይልኝ ሰው አልነበረም። አንድ ስህተት ዓመት ሙሉ እየደጋገምኩ ኦዲተር ሲመጣ ነው የታወቀው። ቅጣቱን ድርጅቱ ከፈለ። እኔ ግን ለወራት እያንዳንዷን ወረቀት ሦስቴ ሳላይ አልፈርምም ነበር።

ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ከጎንሽ የሚቀመጠው ማነው? እሱን እስክታውቂ የሠራተኛው ብዛት ብዙም አይነግርሽም።

"ባንክ ቢያንስ ቤት መግዣ ያበድራል"

እውነት ነው፤ ትልቅ ነገርም ነው። ለሠራተኛ የሚሰጠው ወለድ ለውጭ ደንበኛ ከሚታሰበው በእጅጉ ዝቅ ይላል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ንቆ ሊያልፍ አይገባም። ግን መጀመሪያ የተወሰነ ዓመት ማገልገልን ይጠይቃል። ሲለቁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወለዱ ወደ መደበኛው ይመለሳል። አብሮኝ የጀመረ ጓደኛዬ በብድሩ ኮንዶሚኒየም ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ሥራ መጣለት። የወር ክፍያው ስንት እንደሚሆን ቁጭ ብለን አሰላን፤ አዲሱ ደሞዝ አልቻለውም። እዚያው ቀረ። ቤቱን ይወደዋል፤ ሥራውን አይወደውም። ውሉን ሲፈርም ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

"ትንሽ ድርጅት እንደ ቤተሰብ ነው"

አባቴ ሲያርፍ የድርጅቱ ባለቤት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጦልኛል። ያን አልረሳም። ሰኔ ላይ ሂሳብ ልንዘጋ እስከ ሌሊት ስናመሽ ግን የትርፍ ሰዓት የሚባል አልነበረም፤ "ቤተሰብ አይደለን?" ይባል ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሕጉ ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ይላል። ቤተሰብነቱ ይህን አያስቀረውም።

የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ሁለቱም ጋ ሄደች። ባንኩ ጋ የት ቅርንጫፍ፣ ምን ክፍል እንደምትመደብ ጠየቀች። "ስትመደቢ ታውቂያለሽ" ተባለች። መርካቶ ቤዚኩ ስንት እንደሆነ፣ ጡረታ በየወሩ ይገባ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደምትሠራ ጠየቀች። ባለቤቱ ሒሳብ ሹሟን ጠራ። ሴትዮዋ እዚያ አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። የጡረታ ደረሰኞቹን ፋይል አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላትና "ነይ እዪው፣ ልጄ" አሏት።

ዓርብ መርካቶ ፈረመች። እናቷ ለጎረቤት "ለጊዜው ነው" እያለች ነው።