የዋሻ ቦርድ ጌም ምንድን ነው? ለትንንሽ ልጆችስ የትኛው ይሻላል?

ጥቂት ጀግኖች ጨለማ ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። በር እየከፈቱ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋሉ። ከበሩ ጀርባ አንዴ ጭራቅ፣ አንዴ የወርቅ ሣጥን፣ አንዴ ወጥመድ ይጠብቃቸዋል። ጀግኖቹ ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ተጫዋቾች ናቸው። ዳይስ ይወረውራሉ፣ ይዋጋሉ፣ የተሻለ ሰይፍ ያገኛሉ፣ ይቀጥላሉ። የዋሻ ቦርድ ጌም ማለት ይኸው ነው። ልጅን ቁጭ የሚያደርገው ደግሞ ውጊያው ብቻ አይደለም። ቀጣዩ በር ሲከፈት ምን እንደሚመጣ አለማወቁ ነው።

የዚህ ሁሉ አባት እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። እሱ በአብዛኛው በቃል የሚሄድ ጨዋታ ነው። ዋሻውን በሰሌዳና በትንንሽ ምስሎች ለቤተሰብ ጠረጴዛ ካቀረቡት መሀል በጣም የታወቀው በ1989 የወጣው ሂሮክዌስት ነው። በ2021 እንደገና ታትሟል።

የባሕር ዳር ልጅ ለዚህ ዓለም እንግዳ አይደለም። በዘጌ ገዳማት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ አይቷል። ጭራቁን ከተረት ያውቀዋል። ጉማሬው ደግሞ እዚሁ ጣና ውስጥ አለ። ስለዚህ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጭራቁ ልጄን አያስፈራብኝም ወይ?» የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት ሁለተኛ ደረጃ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ በዚህ ጨዋታ የልጁ ጠላት ማነው? የሚለው ነው።

በሂሮክዌስት አንድ ሰው ክፉውን ዛርጎንን ይሆናል። ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰውም፣ ወጥመዱን የሚያውቀውም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ይህ ሰው መቼም እናት ወይም አባት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ዛርጎንንና እናቱን ለይቶ አያይም። ጀግናው ሲሞትበት «እማዬ፣ እኔን ለምን ትገድይኛለሽ?» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ «ጨዋታ እኮ ነው» ቢሉት አይገባውም።

ይህ ማለት ሂሮክዌስት ለልጅ አይሆንም ማለት አይደለም። የውጊያ ዳይሱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከ6ቱ ፊቶች 3ቱ የራስ ቅል፣ 2ቱ ነጭ ጋሻ፣ 1ዱ ጥቁር ጋሻ ናቸው። የራስ ቅል ከወጣ መታ ማለት ነው። ጀግና የሚከላከለው በነጩ ጋሻ፣ ጭራቅ በጥቁሩ ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ዳይስ ጀግናው የመመከት ዕድሉ የጭራቁ እጥፍ ነው። ጨዋታው ከመነሻው ለጀግናው ያደላል። ዛርጎን የሆነ ወላጅም ይህንኑ መንገድ ቢከተል ጥሩ ነው። ማታ ተረት እንደሚያወራ አያት ይሁን፤ ያስፈራራ፣ ግን ልጁን መጨረሻው ድረስ ያድርሰው። የአዲሱ ሣጥን ዕድሜ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆነ ሕጉን ማቅለሉ የእናንተ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚቀለው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ከጨዋታው ከራሱ ጋር የሚገጥሙበት ዓይነት ነው። በ2012 የወጣው ማይስ ኤንድ ሚስቲክስ እንደዚያ ነው። ተጫዋቾቹ አይጥ ይሆናሉ። ትልቁ ቤተ መንግሥት ለእነሱ ዋሻ ይሆንባቸዋል። ከሁሉም የምወድለት፣ የተሸነፈ አይጥ ይማረካል እንጂ አይሞትም። ጓደኞቹ ያሉበትን ክፍል ከጠላት ሲያጸዱ ይመለሳል። ይህ ለትንሽ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። በሉዶ ጠጠሩ ስትበላበት የሚያለቅስ ልጅ፣ እዚህ «ቆይ መጣንልህ!» ሲባል ይሰማል።

ችግሩ ንባቡ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ወላጅ ምዕራፉን ልጆቹ ሳይቀመጡ በፊት አንብቦ በራሱ አማርኛ መተረክ አለበት። ይህን ካልቻላችሁ ካራክ ይሻላችኋል። በ2017 የወጣ ነው፤ ዕድሜው ከ7 ዓመት ጀምሮ። ዋሻው በካርቶን ቁራጮች እየተዘረጋ ይሄዳል፣ የሚነበብ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ውጊያው 2 ዳይስ ወርውሮ የመሣሪያን ኃይል መደመር ነው፤ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ። እዚህ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ነው የሚጫወተው፤ ብዙ ሀብት የሰበሰበ ያሸንፋል። ወንድምና እህት የሚፎካከሩበት ቤት ከሆነ አስቡበት።

እነዚህን ጨዋታዎች ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ከሌለስ? እውነት ለመናገር፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ቤት የተሠራው ይበልጣል። ካርቶን በአራት ማዕዘን ቁረጡ፣ 20 ያህል ይበቃል። በአንድ ፊታቸው ውኃ፣ ደንገል፣ ጉማሬ፣ ማዕበልና ዓሣ ሣሉ። ገልብጣችሁ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ደርድሯቸው። ዋሻው ጣና ሆነ ማለት ነው። ጀግኖቹ በታንኳ ቡና ጭነው የሚቀዝፉ ልጆች ይሁኑ። አስማተኛ የሚባል ነገር ቤቷ እንዲገባ የማትፈልግ እናትም እዚህ ላይ አትቸገርም።

ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ቆርኪ ስጡ፤ ነፍሱ ናት። ጉማሬ ሲገለጥ የሉዶ ዳይስ ይወረወራል። 4 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ጉማሬው ዞር ይላል፣ ካልመጣ አንድ ቆርኪ ይሄዳል። ጓደኛ አብሮ እዚያው ቁራጭ ላይ ካለ ሁለት ዳይስ ወርውረው ትልቁን ይውሰዱ። ብቻውን የሆነ ልጅ ግማሽ ዕድል ብቻ አለው፣ ሁለት ሲሆኑ ከ4 ጊዜ 3ቱን ያልፋሉ። ልጆች ይህን ሳይነገራቸው ይደርሱበታል፤ ትንሽ ቆይተው «ጠብቀኝ፣ አብረን እንለፍ» ማለት ይጀምራሉ። ቆርኪው ያለቀበት ከጨዋታ አይወጣም። ታንኳው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ጓደኛው ደርሶ ከራሱ አንድ ያካፍለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ 10 ቁራጭ ብቻ ዘርጉ። ልጆቹ ገና «እንድገመው» እያሉ ይለቅ። ጉማሬዎቹን እነሱ ይሣሏቸው፤ ራሱ የሣለውን ጉማሬ የሚፈራ ልጅ አላየሁም።