እናቷ የሞተችባት የድመት ልጅ፦ ከደግነት የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን እትዬ አንዲት የድመት ልጅ በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡልኝ። እናቷን መኪና ገጭቷታል። የሰፈር ልጆች ከኮርኒስ ላይ ስትጮህ ሰምተው ነው ያወረዷት። ዓይኗ ገና አልተገለጠም። «ቶሎ ወተት ስጫት፣ በረሃብ ልትሞት ነው» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ሌላ የድመት ልጅ በእጄ ሞታብኛለች። ያኔም ሁሉም የመከረኝ ይህንኑ ነበር። አሁን ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል። የገደላት ረሃብ አልነበረም።

«መጀመሪያ ወተት»

መጀመሪያ ሙቀት ነው። የድመት ልጅ እስከ ሦስት አራት ሳምንት ድረስ የራሷን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አትችልም። ሰውነቷ ከቀዘቀዘ አንጀቷ ሥራውን ያቆማል። ያኔ የሰጣችኋት ወተት ሆዷ ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ትን ብሏት ሳንባዋ ይገባል። ጣታችሁን አፏ ውስጥ አስገቡ። ከቀዘቀዘ ምንም አትስጧት።

የምንኖርባት ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጦሳ ተራራን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ሞቅ ትላለች፣ ግን እሷም ብትሆን የሌሊቱ ሙቀት ገና ለተወለደች የድመት ልጅ አይበቃም። በመጀመሪያው ሳምንት የምትተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት።

እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሞላሁ፣ በፎጣ ጠቀለልኩት፣ ካርቶኑ ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ አስቀመጥኩት። በአንድ በኩል መሆኑ ሲሞቃት ፈቀቅ እንድትል ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ እቀይራለሁ፣ ሌሊትም ጭምር። ደግሞ ሰውነቷ በዝግታ ነው የሚሞቀው፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በር ዘግታችሁ የከሰል ምድጃ አጠገቧ እንዳታስቀምጡ አደራ። ጭሱ ባይታይም ለእሷም ለእናንተም ገዳይ ነው።

«ወተት ያው ወተት ነው»

አይደለም። የድመት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት በእጥፍ ይበልጣል፣ ስቡም ብዙ ነው። የላም ወተት ሆዷን ያስቀምጣታል። 100 ግራም ለምትመዝን ነፍስ ደግሞ የአንድ ቀን ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም። ለድመት ልጆች የተዘጋጀ የዱቄት ወተት አለ። እኔ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። እስኪደርስ የፍየል ወተት ለመሸጋገሪያ ሰጥቻለሁ፣ ማሳደጊያ ግን አይሆንም።

መጠኑን የሚወስነው ክብደቷ ነው። በአንድ ጊዜ ለ100 ግራም 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትጠጣለች። ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያዙ። በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ከጨመረች ደህና ናት።

«እንደ ሕፃን አቅፎ ማጥባት»

ይሄኛው ከፍቅር የሚመጣ ነው። ግን በጀርባዋ ተንጋላ ከጠጣች ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። እናቷ ስታጠባት ልጅቷ በሆዷ ተኝታ ነው የምትጠባው። እንደዚያው በሆዷ አስተኝታችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ስጧት።

«ሽንቷን ራሷ ትሸናለች»

እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ አትችልም። እናት እየላሰች ነው የምታሸናት። ለብ ባለ ውሃ የነከራችሁትን ጥጥ ይዛችሁ ከእያንዳንዱ ጡት በኋላ ከጅራቷ ሥር ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። እትዬ ይህን ሲያዩ «ይሄንንማ ማን ነገረን!» አሉ።

«ሰው ከነካት እናቷ ትጥላታለች»

በሰው ሽታ ምክንያት አትጥላትም። እናትየው ምግብ ፍለጋ ወጥታ ሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ልጆቹ ሞቀው ጸጥ ካሉ ከሩቅ ሆናችሁ ጠብቋት።

«ካተኮሳት ፓራሲታሞል»

በፍጹም! ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ ትንሹም ጭምር። ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

«ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ድመት አይገባም»

ስጋቱ መሠረት አለው፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ተውሳክ አለ። ግን ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። በኩሷ የሚወጣው ተውሳክ ሰውን ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ ይጸዳ፣ የሚያጸዳው ሌላ ሰው ይሁን። ደግሞ ተውሳኩ በጥሬ ሥጋም ይገባል። ድመቷን አስወጥታችሁ ነፍሰ ጡሯን ቁርጥ የምትጋብዙ፣ እባካችሁ ይህን አስቡበት።

«በእጅ ያደገች አይጥ አትይዝም»

ማደን አብሯት የተወለደ ነው፣ ጠግባም ታድናለች። ከእናት የምትማረው ዘዴ ስላለ ግን አንዳንዷ ትዘገያለች። የእኔዋ አሁን ዓመት ሊሆናት ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋን አይጥ ይዛ የእትዬ ደጃፍ ላይ አስቀመጠችላቸው።