አዶልፍ ዬንሰን፦ ከደቡብ ኢትዮጵያ እስከ ሴራም ደሴት

አዶልፍ ኤሌጋርድ ዬንሰን (1899–1965 እ.ኤ.አ.) በኪል ከተማ የተወለዱ ጀርመናዊ የኢትኖሎጂ ምሁርና ደራሲ ናቸው። የተማሩት ሒሳብ፣ የተፈጥሮ ሳይንስና ፍልስፍና ነበር፤ ወደ ባህል ጥናት የገቡት በ1920ዎቹ፣ የአፍሪካ ተመራማሪው ሌዎ ፍሮቤኒየስ ካቋቋሙት የምርምር ተቋም ጋር መሥራት ሲጀምሩ ነው።

የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ሲቃረብ፣ በ1934 እና 1935፣ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የተጓዘውን የተቋሙን ቡድን መርተው የኮንሶንና የአጎራባች ሕዝቦችን አኗኗር አጠኑ። ውጤቱ በ1936 «በገዳ አገር» በሚል ርዕስ በጀርመንኛ ታተመ።

ስማቸውን ከሙያው ክበብ ውጪ ያስጠራው ግን ከዚያ የተከተለው የሴራም ጉዞ ነው። ዛሬ የኢንዶኔዥያ አካል በሆነችው በዚህች ደሴት፣ የቬማሌ ሕዝብ ስለ ሃይኑዌሌ የሚተርከውን መዝግበዋል። ሃይኑዌሌ ከኮኮናት ዛፍ የተወለደች ልጃገረድ ስትሆን፣ በጭፈራ መካከል ተገድላ ከተቀበረች በኋላ፣ አባቷ አውጥቶ ቆራርጦ መልሶ ከቀበረው አካሏ ሰዎች የሚመገቧቸው ሥራ ሥሮች በቀሉ። ዬንሰን ከዚህ ተነሥተው፣ የጥንት ሥራ ሥር አብቃዮች መሥዋዕት የሚያቀርቡት አማልክትን ለመለማመጥ ሳይሆን ያንን የመጀመሪያ ግድያ በሥርዓት ለማስታወስ ነው አሉ። ሐሳቡ ውብ ቢሆንም ከአንድ ተረት ብዙ ይጠይቃል፤ አሜሪካዊው የሃይማኖት ታሪክ ምሁር ጆናታን ስሚዝ በኋላ እንደተከራከሩት፣ ልጃገረዷ የምታድላቸው የቻይና ሸክላዎችና ሌሎች የንግድ ዕቃዎች ተረቱ ከውጭ ንግድ ጋር የተያያዘ ውጥረትን እንደሚያንጸባርቅ ያመለክታሉ።

በናዚ ዘመን፣ የአይሁድ ዝርያ ያላቸውን ባለቤታቸውን እንዲፈቱ ቢገፋፉም እንቢ በማለታቸው የማስተማር ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ከጦርነቱ በኋላ በፍራንክፈርት ፕሮፌሰርና የፍሮቤኒየስ ተቋም ዳይሬክተር ሆነው በ1951 ስለ ተረትና አምልኮ የጻፉትን ዋና ሥራቸውን አሳተሙ።

በ1950ዎቹም ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። የጥንት ባህል ንብርብር ፍለጋቸው በዘመኑ የነበረውን አስተዳደራዊና ኢኮኖሚያዊ ለውጥ ወደ ጎን እንዲተዉ አድርጓቸዋል። ይሁንና ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1959 ጀምሮ ያሳተሟቸው ቅጾች ስለ አካባቢው ሥርዓቶች፣ ጎሳዎችና ቁሳዊ ባህል ዝርዝር መረጃ ስለያዙ፣ ንድፈ ሐሳባቸውን የማይቀበል ተመራማሪም ይጠቀምባቸዋል። በዚሁ ሥራ የሠለጠኑት አይከ ሃበርላንድ በ1968 የተቋሙን አመራር ተረክበው የኢትዮጵያን ጥናት ቀጥለዋል።