አርፒኤም ምንድን ነው? የአዲስ ሳር ማጨጃ ዙር እንዴት ይታያል?

«አዲስ ነው የተባለው ማሽን ጉልበት የለውም። ዙሩን ጨምርበት።»

የማሽኑ ባለቤት ይህን ሲል የሰማሁት ባለፈው ነሐሴ ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ሰርዶው ዝናብ ጠግቦ ጫማ ይውጣል። ሳሩ መሃል፣ ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት አዲስ ማጨጃ ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቷል። ወጣቱ መካኒክ ካቻቢቴውን ይዞ ጎንበስ ብሏል።

«ቆይ እስኪ፣ አሁን ስንት እየዞረ ነው?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ በድምፁ ይታወቃል» አለኝ።

በድምፁ አይታወቅም። የሞተር ጆሮ ያለው ሰው እንኳ 3,300ን ከ3,600 በጆሮው ብቻ መለየት ይከብደዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

አርፒኤም ማለት የሞተሩ ዋና ዘንግ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገር ቁጥር ነው። በቃ ይኸው ነው። 3,000 አርፒኤም ስንል በሰከንድ 50 ዙር ማለታችን ነው። መብራት ሲጠፋ በየሱቁ ደጃፍ የሚነሡትን የቤንዚን ጄኔሬተሮች አስቡ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ልክ በ3,000 ዙር እንዲሠሩ የተስተካከሉ ናቸው። ዙሩ ሲወርድ አምፖሉ ይፈዛል። በሳር ማጨጃ ላይ ግን የሚፈዝ አምፖል የለም። ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል።

ሳር ማጨጃው ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉት። አንዱ ሚኒሞ ነው፣ ሞተሩ ያለ ሥራ ቀስ ብሎ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር። ሌላው ሳሩን የሚቆርጠው ምላጭ ከሞተሩ ጋር ሳይያያዝ ሞተሩ የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች የጋዙ ማንሻ አጠገብ የኤሊና የጥንቸል ሥዕል አለ። ኤሊዋ ሚኒሞ ናት፣ ጥንቸሏ ሙሉ ዙር። ሚኒሞው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ1,200 እስከ 1,900 ባለው መሃል ይውላል። ከፍተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 3,600 ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የምታገኙት ሞተሩ ላይ የተመታውን የሞዴል ቁጥር ከመመሪያው ጋር በማመሳከር ነው። የጎረቤት ማሽን ቁጥር ለእናንተ አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ገቨርነር የሚባለው የዙር ተቆጣጣሪ ነው። ማንሻውን ወደ ጥንቸሏ ስትገፉ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለውን የካርቡራቶሩን በር በቀጥታ የከፈታችሁ ይመስላችኋል። አይደለም። የሳባችሁት አንዲት ሞላ ነው። ሞላዋ በሩን ለመክፈት ትስባለች። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክብደቶች ደግሞ ዙሩ ሲጨምር ወደ ውጭ ይበተኑና በሩን ለመዝጋት ይገፋሉ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ዙሩ ይረጋል። እንግዲህ አራሹን አስቡት። ጠንካራ መሬት ሲገጥመው ጅራፉን ያጮሃል። አፈሩ ሲለሰልስ በሬዎቹን ይተዋቸዋል። ገቨርነርም ጥቅጥቅ ያለ ሳር ሲመጣ በሩን ከፍቶ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሳሩ ሲሳሳ ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ሳር ስታጭዱ ማንሻው ጥንቸሏ ላይ መቆየት ያለበት። ፍጥነት መቀነስ ከፈለጋችሁ የሚቀነሰው የጉዞው ነው፣ የሞተሩ አይደለም። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በግማሽ ጋዝ የሚያጭድ ሰው ማሽኑን እየጎዳ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የራሱ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው ቀስ ሲል ሞተሩ ይግላል።

ዙር መጨመሩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምላጭ እንውሰድ፣ ከሞተሩ እኩል ይዞራል እንበል። በሚነዱት ማሽኖች ላይ ቺንጊያውና ፑሊው ቁጥሩን ይቀያይሩታል፣ መርሁ ግን ያው ነው። በ3,300 ዙር የምላጩ ጫፍ በሰከንድ 92 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የአሜሪካ የደህንነት ደረጃ ለምላጭ ጫፍ የፈቀደው በሰከንድ 96.5 ሜትር ነው። ዙሩን ወደ 3,600 ብታወጡት ጫፉ 100 ሜትር ይደርሳል። ወሰኑ ታለፈ። ከሳሩ ሥር የተደበቀች ጠጠር በዚያ ፍጥነት ስትወረወር ግቢ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ምን እንደሚደርስበት አስቡ። ሞተሩም ቢሆን ከተፈቀደለት በላይ ሲዞር ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ሊሰበር ይችላል።

ታዲያ «ጉልበት የለውም» የሚለው ስሞታ ውሸት ነው? አይደለም፣ እውነት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣሉ። እዚህ ሲደርሱ ወደ ሩብ የሚጠጋው ሄዷል። ወረቀቱ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የተባለው ማሽን እኛ ጋ 15 አካባቢ ነው። አየሩ ሲቀንስ ነዳጁ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ካያችሁ፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ጥቀርሻ ከለበሰ፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም ለከፍታ ቦታ የሚሠራ፣ ቀዳዳው የጠበበ የነዳጅ ማሳለፊያ ካርቡራቶሩ ላይ ማስገጠም ነው። ዙር የሚጨምረውን ቡሎን ማጥበቅ የጠፋውን አየር አይመልስም።

ወደ ወጣቱ መካኒክ ልመለስ። በጨረር የምትለካ ትንሽ ዙር መለኪያ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረችኝ። ማሽኑን ሜዳ ላይ አቆምነው፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝን፣ ምላጩን ከሞተሩ አላቀቅን። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከሞተሩ በላይ አብሮት በሚዞረው ወንፊት ላይ የሚያንጸባርቅ ወረቀት ለጠፍን። ጥፍር የምታህል ናት። አስነሥተን አምስት ደቂቃ አሞቅነው። ብርድ ሞተር አይለካም። ማንሻውን ጥንቸሏ ላይ አድርገን ጨረሩን ወረቀቷ ላይ አነጣጠርን። መጀመሪያ 2,940 አለ። መመሪያው የሚለው 3,300 ነው።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «ይኸው፣ አላልኩህም ጋሼ?»

ግን አሁንም ቡሎኑን አልነካንም። በአዲስ ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚታየው የጋዙ ገመድ ነው። ሲገጣጠም ትንሽ ላልቶ ከታሰረ፣ ማንሻው ጥንቸሏ ላይ ደርሶም ሞተሩ ጋ ያለው ክንድ ጥግ አይደርስም። የእኛም እንዲሁ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን፣ ገመዱን የያዘችውን ቡሎን አላልተን፣ ክንዱን ጥግ ድረስ አድርሰን መልሰን አጠበቅናት። ዳግመኛ ስንለካ 3,280 መጣ። በቃን።

ገመዱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ቢዛነፍ ኖሮ ሞላዋ የተሰካችበትን የከፍተኛ ዙር ቡሎን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ እየለኩ መሄድ ነው። ሞላዋ ስትወጠር ዙር ይጨምራል፣ ስትላላ ይቀንሳል። ሚኒሞው ካርቡራቶሩ ላይ የራሱ ቡሎን አለው። የገቨርነሩን ክንድ ከራሱ ከገቨርነሩ ዘንግ ጋር ያሰረውን ቡሎን ግን አትፍቱ። እሱ ከተዛባ ሞተሩ ያለ ልክ ሊበር ይችላል። ዋስትና ያለው ማሽን ከሆነም ከገመዱ ያለፈውን ሥራ ለሻጩ መካኒክ ተዉለት።

መለኪያችሁ በካንዴላው ሽቦ ላይ የሚጠመጠመው ዓይነት ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች በየዙሩ እሳት ይሰጣሉ። መለኪያው በሁለት ዙር አንድ እሳት ተብሎ ከተሞላ እጥፉን ያሳያችኋል። 6,600 አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

ከዚያ ምላጩን አያይዘን ሳሩ ውስጥ ገባን። ድምፁ ዝቅ አለና ተመለሰ። ጥቅጥቅ ያለው ጋ ግን አሁንም ሞተሩ አቃሰተ። ልጁ እጁን ወደ ካቻቢቴው ሲሰድ አየሁት። ከዚያ ተወውና የማጨጃውን ከፍታ ማንሻ ሁለት እርከን ከፍ አደረገ። ጉዞውን ቀስ አድርጎ አንድ ጊዜ ዞረበት። ከዚያ ዝቅ አድርጎ ደገመው።

ሲጨርስ ኮፈኑን ከፍቶ ከውስጥ በኩል በማርከር ጻፈበት፦ «3,280፣ ነሐሴ»።