ጣና ብልቃጥ አይደለም

ባለፈው ነሐሴ ባህር ዳር አንድ ዓሣ ቤት ተቀምጬ ኮተሌቴን ስጠብቅ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ «ዞሮ ዞሮ ጠንካራው ደካማውን ያጠፋዋል፤ ተፈጥሮ ነው» አለ። የምግብ ፍላጎቴ ዝግት አለ። ሥራዬ ዓሣ ነው፤ ይህችን አባባል ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። እሷን ከመንካቴ በፊት ስለ ጣና ዓሣ የሚባሉትን ትንንሾቹን ስህተቶች ላራግፍ።

«ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለየው በዕድሜ ነው።» ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ላቢዮባርበስ የሚባለው ወገን ብቻ 15 ያህል ዝርያ አለው።

«ካለቀ ከሌላ ሐይቅ እናመጣለን።» ከየት? አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም የሉም።

«እምቦጭ ለዓሣ ጥላ ነው።» ብርሃንና ኦክስጅን የሚቀማ ጥላ!

አሁን ወደ ሰውዬው። ትንሽ ያነበበ ስለሆነ ጋውስን ጠቀሰልኝ። ይህ ሩሲያዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ዓይነት ፓራሚሲየም (ውሃ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጡር) በአንድ ብልቃጥ አኖረ። አንዱ በረታ፣ ሌላው አለቀ። ልክ ነው። ሰው ግን እዚህ ላይ ማንበብ ያቆማል። ጋውስ ያንኑ ተሸናፊ ከሦስተኛ ዝርያ ጋር ሲያኖረው ሁለቱም ቆዩ። አንደኛው ከላይ የሚንሳፈፈውን ባክቴሪያ በላ፤ ሌላው ታች የዘቀጠውን እርሾ። በትንሽዬ ብልቃጥ ውስጥ ላይና ታች መኖሩ ብቻ በቃቸው። ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

«ውሃ ውሃ ነው፤ ምን ጓዳ አለው?» አለኝ። አለው እንጂ። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ስለሆነ ላየው ሰው ገንዳ ይመስላል። ግን ዳሩ አንድ ቦታ ደንገል ነው፣ አንድ ቦታ ድንጋይ። ወለሉ ጭቃ፣ መሐሉ ክፍት ውሃ። የእነዚህን ዓሦች ሆድ ስከፍት ውዬ አውቃለሁ። ከአንዱ ቀንድ አውጣ ይወጣል፣ ከአንዱ የውሃ ተክል፣ ከአንዱ በዓይን በቀላሉ የማይታዩ ተንሳፋፊ ጥቃቅን እንስሳት። ስምንቱ ደግሞ ዓሣ በል ናቸው፤ ያውም አፋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር! ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ከፊሉ ዳር ዳሩን ያድናል፣ ከፊሉ መሐል ገብቶ።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ክፍፍል አለ። ሰባት ያህሉ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ሌሎች ወንዞችን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ጠጠር ያለው፣ በፍጥነት የሚወርድ ጥርት ያለ ውሃ ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ሁሉም በአንድ ሳምንት አይግተለተሉም፤ ተራ ያላቸው ነው የሚመስለው። የቀሩት እዚያው ሐይቁ ጋ የሚቀሩ ይመስላል።

እንግዲህ ጓዳውን አፍርሰህ አንድ አዳራሽ ብታደርገው ያኔ የሰውዬው ንግግር እውነት ይሆናል። እያደረግነውም ነው። ድሮ ዓሣ እቆጥርበት የነበረ የአንድ ገባር ወንዝ ጥግ አለ። በቀደም ስሄድ ጠጠሩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ አልቋል፤ የቀረው ድፍርስ ቦይ ነው። እዚያ የሚወልደው ዝርያ በማን ተሸነፈ ልበል?

መረብም አለ። ወንዙ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አፍ ላይ በነሐሴና በመስከረም መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው እንቁላል የተሸከመች እናት ነው። ይህን ለአንድ አስጋሪ ስነግረው «ልጆቼን መስከረም ላይ አትብሉ ልበላቸው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምለው፣ ቢያንስ በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቅ በሉ፣ የመረባችሁን ዓይን ሰፋ አድርጉ። ጠጠር የምትጭኑም ሰዎች፣ ከወንዝ ሌላ ጠጠር የሚገኝበት ቦታ ፈልጉ። ለግንባታ ፈቃድ የምትሰጡትም እንደዚሁ።

ሰውዬው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሜኑውን አነሳና «ታዲያ እኔ ምን ልብላ?» አለኝ።

ቀረሶ (ቲላፒያ) እዘዝ አልኩት። እሱ ለመራባት ወንዝ አይወጣም።