«በመቱልኝ እጨፍራለሁ»፦ የአንድ ዶሚኒካናዊ አባባል ትርጓሜ

አንድ ወዳጄ፣ አለቃ በተቀየረ ቁጥር ሐሳቡን የሚቀይርበትን ጠባዩን ሲያሞካሽ፣ ከዶሚኒካን ባልደረቦቹ የለቀመውን «ባይሎ አል ሶን ኬ ሜ ቶኬን» የሚል አባባል ጠቀሰልኝ። «በመቱልኝ እጨፍራለሁ» እንደ ማለት ነው። ነፋሱ ወደ ነፈሰበት ማዘንበል ብልህነት ነው ብሎ ተረድቶታል፤ ለነገሩ ዛሬ ብዙ ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም የሚናገሩት በዚሁ መንፈስ ነው። እኔ ግን ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ሳለሁ፣ ከሲባኦ ከመጡ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አባባሉን በሌላ ጣዕም ስለሰማሁት፣ ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሲባኦ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኝ፣ ትምባሆ የሚበቅልበት ለም ሸለቆ ነው፤ የዶሚኒካኖች ሙዚቃና ጭፈራ የሆነው ሜሬንጌ፣ «ፔሪኮ ሪፒያኦ» የሚሉት የገጠሩ ዓይነትም የዚያ አገር ልጅ ነው። ከትምባሆው ደንበኞች መካከል ጀርመኖች ስለነበሩበት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አኮርዲዮን በዚያው የንግድ መስመር ገብቶ በገበሬው እጅ ቀረ፤ የቀድሞዎቹን ባለ ክር መሣሪያዎችም ቀስ በቀስ ገፋቸው። አጃቢዎቹ፣ በብረት የምትፋቀው የቆርቆሮ ጉዊራ እና ጭን ላይ ተጋድማ በአንድ ወገን በዘንግ፣ በሌላው በመዳፍ የምትመታው ታምቦራ ናቸው። አዛውንቱ የታምቦራ አንዱ ፊት ከወንድ ፍየል፣ ሌላው ከሴት ፍየል ቆዳ ካልሆነ ድምፅዋ አይስማማም ይሉ ነበር። አንድ እሑድ አንስተው ሲያቀብሉኝ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው የራሳችን ተረት እውነት መሆኑን በገዛ እጄ አረጋገጥኩ።

የአባባሉ ቁልፍ ያለው ከጭፈራው አካሄድ ላይ ይመስለኛል። የጥንቱ ሜሬንጌ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው፣ በፓሴዮ፣ ጥንዶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መድረኩን በእርጋታ ይዞራሉ እንጂ አይጨፍሩም። ዜማው ወደ ሜሬንጌ ሲሻገር ይተቃቀፋሉ፤ ሃሌኦ ሲደርስ አኮርዲዮኑ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ያጣድፋል፣ እግርም አብሮ ይሞቃል። መሻገሪያውን የሚያውጅ ሰው የለም፤ ጆሮው ያላደመጠ ሁሉ ሲጨፈር እየተራመደ ይቀራል። ዝግ ያለው ፓምቢቼም አለ፤ ከ1916 እስከ 1924 አሜሪካኖች አገሪቱን በያዙበት ዘመን እንደተወለደና ስሙንም «ፓልም ቢች» ከሚባል የጨርቅ ዓይነት እንዳገኘ ይነገራል። ሜሬንጌ መስሎት በፓምቢቼ የሚፈጥን ሰው የጓደኛውን እግር ይረግጣል።

ስለዚህ አባባሉ ባሕር ተሻግሮ ከስፔን የመጣ ቢሆንም፣ በሲባኦ ግን «ጆሮዬ ንቁ ነው፣ እግሬም ይታዘዘዋል» የሚል የጨፋሪ ኩራት ሆኖ ሥር ሰደደ ብዬ አምናለሁ፤ ምስክሬም እግር ነው። ወደ አድርባይነት ያዘነበለው፣ በእኔ ግምት፣ በራፋኤል ትሩሂዮ ዘመን ነው። እኚህ አምባገነን በ1930 የምርጫ ቅስቀሳቸው የገጠር ሜሬንጌ ተጫዋቾችን ይዘው ዞሩ፤ ሥልጣን ሲይዙም ጭፈራውን የአገር ምልክት አደረጉት፣ የውዳሴ ሜሬንጌም በስማቸው ጎረፈ። 1961 ላይ እስኪገደሉ ድረስ ማን እንደሚያስመታ እያዩ መጨፈር የመኖር ዘዴ ሆኖ ነበርና፣ አባባሉ መራራ ቢሆን አያስገርምም።

ዩኔስኮ ሜሬንጌን በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ ፓሴዮው ግን ዛሬ ከብዙ መድረክ ጠፍቷል፣ የውጭ አገር ጀማሪዎችም አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር ይማራሉ። መጠበቅና ማድመጥ የቀረበት ጭፈራ አባባሉን ባዶ ቢያስቀረው ምን ይደንቃል?

ለወዳጄ ይህን ሁሉ ስዘረዝርለት «አንተ ደግሞ ነገር ታጠብቃለህ» አለኝ። ፓሴዮ ያለው አንድ የቆየ ሜሬንጌ ከፈትኩለት። በመቱለት የሚጨፍረው ሰውዬ፣ ፓሴዮው ገና ሳይጋመስ ወገቡን መነቅነቅ ጀመረ።