«ሌዘር ያለ ቢላ ያድናል» እና ሌሎች የእጅ መደንዘዝ ወሬዎች

«ብርድ መትቶኝ ነው።» ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖር ሰው ሁሉን ነገር በብርድ ቢያሳብብ አይፈረድበትም። ግን እስኪ ጣቶችዎን ይለዩአቸው። ሌሊት እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱዎት አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ናቸው? ትንሿ ጣትስ ደህና ናት? ብርድ እንዲህ ጣት አይመርጥም። የእጅ አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከሥሩ አጥንት፣ ከላዩ ጠንካራ ማሰሪያ ነው። ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ በዚያ ተጨናንቀው ያልፋሉ። ቦታው ሲጠብ የሚጎዳው ነርቩ ነው። እነዚያን ጣቶች የሚያደነዝዘው፣ ሲኒ ከእጅ የሚያስጥለው፣ ሌሊት እጅ የሚያስወዘውዘው እሱ ነው። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል። በእርግዝና ጊዜ፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎችና በሴቶች ላይ ይበዛል።

«ሌዘር ከሆነ ቢላ የለም፤ ከላይ አብርተው ይለቁታል።» ስለ ሕክምናው በጣም የተወደደው ወሬ ይኼ ነው። በቀዶ ጥገና ከታከመ የተጨመቀው ነርቭ የሚላቀቀው ማሰሪያው ሲቆረጥ ነው፤ በምንም ይቆረጥ። በሌዘር ሲሠራም ቆዳ ይከፈታል፤ ቀዳዳው ግን ትንሽ ነው። ለዚህ ሥራ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሞከረው ሆልሚየም ሌዘር፣ ዛሬ የኩላሊት ጠጠር የሚፈረከስበት ዓይነት ነው። ብርሃኑ በቀጭን የመስታወት ክር ይገባል። በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያለው ውሃ ይመጠዋል፣ በቅጽበት ፈልቶ ይተናል፣ ማሰሪያው ይከፈላል። ሐኪሙ በትንሽ ካሜራ እያየ ነው የሚሠራው።

«ጨረር ነው፣ ካንሰር ያመጣል።» አያመጣም። ይኼ ሌዘር እንደ ራጅ አይደለም። የሚያሠጋው ሙቀቱ ነው፤ ነርቩ እዚያው አጠገብ ነው ያለው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መነጽር የሚያደርገውም ለዓይኑ ብሎ ነው።

«ጅማት ከተቆረጠ እጅ ሽባ ይሆናል።» የሚቆረጠው ጣት የሚያንቀሳቅሰው ጅማት አይደለም፤ ከላይ የተጋደመው ማሰሪያ ነው። እሱም በጠባሳ ሰፋ ብሎ ይገጥማል። መዳፍ ለተወሰኑ ሳምንታት ያማል፤ የመጨበጥ አቅም ለመመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ምጣዱን ጎረቤት ይጣደው።

«የድሮው ቀዶ ጥገና ኋላ ቀር ነው፤ ሌዘር ይምጣ።» እዚህ ላይ ትንሽ እናደዳለሁ። በዓለም ላይ አብዛኛው የካርፓል ተነል ቀዶ ጥገና ዛሬም የሚሠራው በተራ ምላጭ ነው። በማደንዘዣ እጁ ብቻ ይደነዝዛል፣ መዳፍ ላይ በጥቂት ሴንቲሜትር ይከፈታል፣ ሰውዬው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በካሜራ የሚሠራው ቶሎ ወደ ሥራ ይመልሳል እንጂ ቆየት ብሎ ሲታይ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። ለነገሩ ሁሉም ሰው ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ገና ሲጀምር ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር፣ ካልሆነም መርፌ ለብዙዎች ይረዳል።

ይልቅ አንድ ነገር ይዩ። ሁለቱን መዳፎች ጎን ለጎን ይዘርጓቸው። አውራ ጣት ሥር ያለችው ጉብታ በአንደኛው እጅ ጎድጉዳ ከሆነ ነርቩ ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ ቆይቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሥጋ በሌዘርም በምላጭም ላይመለስ ይችላል። «አጨዳው ይለፍና» ሳይሉ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።